የርቀት ዋጋ፦ ከኮተቤ አዳሪ ትምህርት ቤት እስከ እንጦጦ ጣቢያ

ስለ ርቀት ትምህርት በተወራ ቁጥር የምንሰማው አንድ አባባል አለ፤ «ቴክኖሎጂ ርቀትን አጠፋ፣ ወጪንም ቀነሰ» የሚል። የመጀመሪያው ግማሽ በመጠኑ እውነት ነው። ሁለተኛው ግን በታሪክ ሲመረመር አይጸናም። በሀገራችን የትምህርት ታሪክ ርቀት ምንጊዜም ዋጋ ነበረው፤ ዋጋውም ምንጊዜም በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ያርፍ ነበር። ከዘመን ዘመን የተለዋወጠው ከፋዩ ነው።

በዚህ ጽሑፍ የርቀትን ዋጋ ትናንት ማን ይከፍል እንደ ነበር፣ ዛሬ ደግሞ ማን እንደሚከፍል ለማሳየት እሞክራለሁ። ምሳሌዎቼን በአመዛኙ የምወስደው ከምኖርበት ከየካ ክፍለ ከተማና ከበላዩ ከተንጣለለው ከእንጦጦ ሰንሰለት ነው። ከኮተቤ እስከ እንጦጦ ባለው አጭር ርቀት ውስጥ የዚህ ረጅም ታሪክ ዋና ዋና ምዕራፎች አሻራቸውን ትተዋልና።

በእግር የተከፈለ፣ በእንጀራ የተከፈለ

የቀድሞው የቤተ ክህነት ትምህርት ከቦታ ጋር የተሳሰረ ነበር። ቅኔ የፈለገ ጎጃም፣ አቋቋም የፈለገ ጎንደር፣ ድጓ የፈለገ ቤተልሔም መውረድ ነበረበት። ዕውቀቱ ወደ ተማሪው አይመጣም፤ ተማሪው ወደ ዕውቀቱ ይሄዳል። ደበሎ ለብሶ፣ አኮፋዳ አንግቶ፣ ከመንደር ውሻ ጋር እየታገለ ለዓመታት የሚንከራተተው የቆሎ ተማሪ የርቀትን ዋጋ በእግሩና በወጣትነት ዕድሜው ከፍሏል። ቀሪውን የከፈለችው ደግሞ «በእንተ ስማ ለማርያም» የሚለውን ድምፅ ሰምታ ኩርማን እንጀራ ይዛ የወጣችው የገበሬ ሚስት ናት። ሥርዓቱ ጨካኝ ነበር፤ በበሽታና በረኃብ የቀረው ተማሪ ቁጥሩ አልተመዘገበም። አንድ በጎ ጠባይ ግን ነበረው። ወጪው ለብዙ ቤቶች ስለሚከፋፈል ማንንም ነጥሎ አያጎብጥም ነበር፤ የድሃ ልጅም በድህነቱ ብቻ ከትምህርት አይቀርም ነበር።

ከጣልያን ወረራ በኋላ በ1935 ዓ.ም ኮተቤ ላይ የተከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለዚሁ ጥያቄ ሌላ መልስ ይዞ መጣ። ኮተቤ ያን ጊዜ ከከተማው ወጣ ያለ ገጠር ነበር። ትምህርት ቤቱ አዳሪ ስለ ነበር ከሩቅ የመጣው ልጅ አልጋውንም፣ ምግቡንም፣ መምህሩንም በአንድ ግቢ ውስጥ ያገኛል። ተማሪው አሁንም ወደ ዕውቀቱ የሚሄደው ራሱ ነው፤ ልዩነቱ የርቀቱን ሒሳብ የሚያወራርደው የመንግሥት ግምጃ ቤት መሆኑ ነበር። ከዚህ ዓይነት ትምህርት ቤቶች የወጡት የሀገሪቱን መሥሪያ ቤቶች ለሚቀጥሉት ዐሠርት ዓመታት መሩ። ይሁን እንጂ አልጋና ቀለብ እየሰጡ ማስተማር የሚቻለው ጥቂቶችን ብቻ ነው። ለሚሊዮኖች ሌላ መንገድ ያስፈልግ ነበር።

አንድ ፔኒና አንድ የፖስታ ሣጥን

ያ ሌላ መንገድ በሌላው ዓለም የተጀመረው በአንድ የታሪፍ ውሳኔ ነው። እ.ኤ.አ. በ1840 የእንግሊዝ መንግሥት የደብዳቤን ዋጋ በርቀት መተመኑን ትቶ በመላ ሀገሪቱ አንድ ፔኒ እንዲሆን ደነገገ። ለጎረቤትም ተላከ ለሩቅ አውራጃ፣ ዋጋው ያው ነው። አይዛክ ፒትማን የተባለ መምህር ወዲያው አጭር ጽሕፈትን በፖስታ ማስተማር ያዘ። የለንደን ዩኒቨርሲቲም ከ1858 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ግቢውን ሳይረግጡ ፈተናውን ላለፉ ሰዎች ዲግሪ መስጠት ጀመረ። እዚህ ላይ አንባቢ ልብ እንዲልልኝ የምፈልገው ነገር አለ። ፖስታ አዲስ ፈጠራ አልነበረም፤ ደብዳቤ ሲመላለስ ብዙ ዘመን ሆኖታል። የርቀት ትምህርትን የወለደው መንግሥት በርቀት ላይ የጣለውን ዋጋ ማንሣቱ ነው። ስለዚህም የርቀት ትምህርት ታሪክ ከመሣሪያ ታሪክ ይልቅ የታሪፍ ታሪክ ነው ብዬ አምናለሁ።

ወደ እኛ ስንመለስ፣ የኢትዮጵያ ፖስታ በ1886 ዓ.ም በዐፄ ምኒልክ ተቋቁሞ በ1901 ዓ.ም የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል ሆኗል። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ በኤክስቴንሽን ክፍሉ አማካይነት በደብዳቤ ማስተማር ጀመረ። ከክፍለ ሀገር ያለ አስተማሪ ወይም የቢሮ ጸሐፊ ሥራውን ሳይለቅ ትምህርቱን የሚያሻሽልበት በር ተከፈተለት። ነገር ግን ፖስታችን ያን ጊዜ ቤት ለቤት አያድልም ነበር። ደብዳቤ የሚመጣው ለሣጥን ቁጥር ነበር። ሣጥን የሌለው ሰው የመሥሪያ ቤቱን፣ የትምህርት ቤቱን ወይም የዘመዱን ቁጥር መለመን ነበረበት። ስለዚህ በሀገራችን የመጀመሪያው የተሰወረ የርቀት ትምህርት ወጪ ይህ የፖስታ ሣጥን ኪራይ ነው፤ ከክፍያ ደረሰኙ ላይ አይጻፍም፣ ያለ እርሱ ግን ትምህርቱ አይደርስም።

ሆኖም የወረቀት ትምህርት ኃይሉን የሚያሳይ አንድ ምሳሌ ከደቡብ አፍሪካ ልጥቀስ። የደቡብ አፍሪካ ዩኒቨርሲቲ፣ በተለምዶ ዩኒሳ የሚባለው፣ ከ1946 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በደብዳቤ ያስተምራል። ኔልሰን ማንዴላ የሕግ ዲግሪያቸውን ያገኙት በእስር ላይ ሳሉ በ1989 (እ.ኤ.አ.) ከዚሁ ተቋም ነው። ወረቀት የእስር ቤት ግንብ ያልፋል። ይኸው ተቋም በኋላ አዲስ አበባ አቃቂ ላይ ማእከል ከፍቶ ለኢትዮጵያውያን አገልግሏል።

ሬዲዮ፦ አንድ ከፍሎ ሁሉም የሚሰማው

ከወረቀት ቀጥሎ ሬዲዮ መጣ። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥንም በ1957 ዓ.ም ሥራ በጀመረ ማግስት የትምህርት ሥርጭት ተሞክሯል፤ ያን ጊዜ የቴሌቪዥን መቀበያ የነበረው ትምህርት ቤት ግን ከአዲስ አበባና ከአካባቢዋ እምብዛም አልራቀም። ወደ ገጠር የገባው ሬዲዮ ነው። በደርግ ዘመን በየክፍለ ሀገሩ የትምህርት ሬዲዮ ማሰራጫዎች ተተከሉ፤ ለትምህርት ቤቶች መቀበያ ተሰጠ። ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻም ሬዲዮን አጋዥ አድርጎ ነበር።

የሬዲዮን የኢኮኖሚ ጠባይ ጠንቅቀን ብናስተውል ለዛሬው ክርክራችን ይጠቅመናል። ማሰራጫውን መትከልና ፕሮግራሙን ማዘጋጀት ውድ ነው፤ ይህን የሚከፍለው አስተማሪው ወገን ነው። አንዴ ከተሰራጨ በኋላ ግን አንድ ሺህ ሰው ቢሰማው፣ አንድ ሚሊዮን ቢሰማው ወጪው አይጨምርም። አድማጩ የሚጠበቅበት አንድ መቀበያና ሁለት የባትሪ ድንጋይ ነው። ያም ቢሆን ለጎረቤት ልጆች ሁሉ ይበቃል። ሬዲዮ ጉድለት ነበረበት፤ ጥያቄ አይቀበልም፣ ያመለጠውን አይደግምም። ለድሃው ተማሪ ግን ከዚያ ወዲህ የመጡት መሣሪያዎች አንዳቸውም የሬዲዮን ያህል አልረከሱለትም።

ፕላዝማና ሞጁል

በ1997 ዓ.ም መንግሥት ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች «ፕላዝማ» ይዞ ገባ። በደቡብ አፍሪካ የተዘጋጁ፣ በእንግሊዝኛ የሚሰጡ ትምህርቶች በሳተላይት አማካይነት በመላ ሀገሪቱ ወደሚገኙ ክፍሎች በአንድ ሰዓት ይተላለፉ ጀመር። እዚህ የካ ውስጥ እንደ ኮከበ ጽባሕ ያሉ አንጋፋ ትምህርት ቤቶችም፣ መኪና በቅጡ የማይደርስባቸው የገጠር ትምህርት ቤቶችም በአንድ አስተማሪ መማራቸው በሐሳብ ደረጃ የእኩልነት ጥግ ነበር። በተግባር ግን አስተማሪው ፈጣን፣ አነጋገሩም ባዕድ ነበር፤ ክፍሉ ውስጥ የቆመው መምህርም ማብሪያ ማጥፊያ ተጫኝ እስከ መባል ደረሰ። መብራት ሲጠፋ ትምህርቱ አብሮ ይጠፋል፤ መብራቱ ሲመለስ ያለፈው አይመለስም። ቢሆንም ፕላዝማን ስንተች አንድ እውነት መዘንጋት የለብንም። መቀበያውን፣ የሳተላይት ኪራዩንና ዝግጅቱን የከፈለው መንግሥት ነው። ተማሪው ለርቀቱ ሳንቲም አልተጠየቀም።

በዚያው ዘመን ከ1990 ዓ.ም ወዲህ የተነሡት እንደ አልፋና ቅድስት ማርያም ያሉ የግል ተቋማት የወረቀቱን መንገድ አድሰው አስፋፉ። ሞጁል ታትሞ፣ ተጠርዞ በየክልሉ ቅርንጫፍ ይላካል፤ ተማሪው ክፍያውን ፈጽሞ ይወስዳል፣ የተሰጠውን መልመጃ ሠርቶ ይመልሳል፣ በተወሰኑ ቅዳሜና እሑዶች ከአስተማሪ ጋር ይገናኛል። በአንድ ጊዜ ብዙ ሺህ ቅጂ ስለሚታተም የአንዱ ሞጁል ዋጋ ይቀንሳል። የኅትመቱን ገንዘብ አስቀድሞ የሚያወጣው፣ ኪሳራም ቢመጣ የሚሸከመው ተቋሙ ነው።

ነሐሴ 2002 ዓ.ም ላይ ግን ትምህርት ሚኒስቴር በጥራት ጉድለት ምክንያት የርቀት ትምህርት በግልም በመንግሥትም ተቋማት በጠቅላላ እንዲቆም አዘዘ። ስለ ጥራቱ የተነሣው ሥጋት መሠረት አልነበረውም ማለት አይቻልም፤ ሞጁሉን ሳይገልጥ ዲግሪ የያዘ ሰው መኖሩን ሁላችንም እናውቃለን። ነገር ግን የተበላሸውን ለይቶ መቅጣት ሲቻል የሁሉንም በር መዝጋት ተመረጠ። እገዳው ከጥቂት ወራት ድርድር በኋላ በቅድመ ሁኔታዎች ተነሣ። ትምህርታቸውን በግማሽ ያቋረጡ ሠራተኞች በእነዚያ ወራት የከፈሉትን ጭንቀት ግን ማንም አልመለሰላቸውም። የርቀት ተማሪ ሰልፍ የሚወጣበት ግቢ የለውም፤ ተበታትኖ ስለሚኖር ሲጎዳም ድምፁ አይሰማም።

ወጪው ከተቋም ወደ ኪስ

ኢንተርኔት ወደ ኢትዮጵያ በሕዝብ አገልግሎትነት የገባው በ1989 ዓ.ም ነው። በዚያው ሰሞን የዓለም ባንክ የአፍሪካ ቨርቹዋል ዩኒቨርሲቲን ሲጀምር አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከመጀመሪያዎቹ ተሳታፊዎች አንዱ ነበር። ከባሕር ማዶ የሚሰጥ ትምህርት በሳተላይት እየወረደ በአንድ ክፍል ውስጥ ለተሰበሰቡ ተማሪዎች ይታያል። ከዓመታት በኋላ የሕንድ መንግሥት ተመሳሳይ መረብ ለአፍሪካ ዘርግቶ ሙከራውን የጀመረው በኢትዮጵያ ነው። ሁለቱም ትምህርቱን ወደ ሀገር ቤት አመጡት፤ እስከ ተማሪው ቤት ግን አላደረሱትም፤ ተማሪው አሁንም ማእከሉ ድረስ መሄድ ነበረበት።

እስከ ተማሪው እጅ የደረሰው የእጅ ስልክ ነው። ነሐሴ 2010 ዓ.ም ኢትዮ ቴሌኮም የሞባይል ኢንተርኔት ዋጋን ከ40 በመቶ በላይ ሲቀንስ እንደ እንግሊዙ ፔኒ አንድ የታሪፍ ውሳኔ በር ከፈተ። ከዚያ በኋላ ሞጁሉ በቴሌግራም ይላክ ጀመር፤ የአስተማሪው ድምፅም፣ የፈተናው ውጤትም እንዲሁ። በግንቦት 2013 ዓ.ም ቴሌብር ከመጣ ወዲህ ደግሞ ክፍያ ለመፈጸም ባንክ ቤት መሰለፍ ቀረ። ይህ ሁሉ ታላቅ እፎይታ ነው፤ አልክድም።

ይሁን እንጂ ወጪውን ረጋ ብለን እንቁጠረው። ተቋሙ ሞጁሉን አትሞ ሲልክ ወረቀቱን፣ ቀለሙን፣ ጥራዙንና ማጓጓዣውን ይከፍል ነበር። አሁን ፋይሉን ይልካል፤ ወጪው ለእርሱ ከዜሮ ብዙም አይርቅም። ተማሪው ግን ለማውረድ የዳታ ጥቅል ይገዛል። በስልክ መስኮት ሦስት መቶ ገጽ ማንበብ ዓይን ስለማይችል ደግሞ መገናኛ ወይም ሾላ ካለ ፎቶ ኮፒ ቤት ይዞት ሄዶ በገጽ እየከፈለ ያሳትማል። በማተሚያ ቤት በጅምላ ይታተም የነበረው ሞጁል በየኮፒ ቤቱ በችርቻሮ ይታተማል ማለት ነው። ችርቻሮ ከጅምላ እንደሚወደድ ለመናገር የሒሳብ ሊቅ መሆን አያስፈልግም። በዚህ ላይ ስልኩን ጨምሩበት። ስልክ በውጭ ምንዛሪ የሚገባ ዕቃ ነው፤ ሐምሌ 2016 ዓ.ም የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ በጥቂት ወራት ውስጥ አንድ ዶላር ከመቶ ብር በላይ ሆኗል።

ከሬዲዮ ጋር ስናስተያየው ልዩነቱ ይጎላል። በሬዲዮ ከፋዩ አስተላላፊው ነበር፤ ተጨማሪ አድማጭ ወጪ አይጨምርም። በዳታ ግን እያንዳንዱ ተማሪ ለእያንዳንዱ ሜጋ ባይት በየራሱ ይከፍላል፤ ያንኑ ትምህርት ደግሞ ቢያወርደው ደግሞ ይከፍላል። እንግዲህ «ቴክኖሎጂ ወጪ ቀነሰ» ስንባል «የማንን ወጪ?» ብለን መጠየቅ መብታችን ነው።

እንጦጦ ላይ ያለው ጣቢያና ከሥሩ ያለው ልጅ

መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ሀገሪቱ በአንድ ጀንበር የርቀት ተማሪ ሆነች። ትምህርቱ በሬዲዮ፣ በቴሌቪዥንና በቴሌግራም ይሰጥ ተባለ። ወላጆቻቸው ሲኤምሲ አካባቢ በሚኖሩ ልጆች ቤት ይህ የተሠራ ነገር ነበር። ከፈረንሣይ ለጋሲዮን ወደ ላይ፣ ከእንጦጦ የባሕር ዛፍ ጫካ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው በሚወርዱ እናቶች ቤት ግን ነገሩ ሌላ ነው። እንዲህ ባለ ቤት አንድ ስልክ ካለ እናት ይዛው ትወጣለች፤ ልጆቹ የቀኑን ትምህርት የሚያገኙት ማታ፣ ያውም ቀሪ ሒሳብ ካለ፣ ያውም ተራ ከደረሳቸው ነው።

ከዚያው ጫካ በላይ፣ እንጦጦ ራስ ላይ፣ የሀገሪቱ የጠፈር ምርምር ጣቢያ አለ። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም፣ ትምህርት ቤቶች ከመዘጋታቸው ሦስት ወር ያህል ቀደም ብሎ፣ የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን 72 ኪሎ ግራም ክብደት ይዛ ከቻይና ወደ ጠፈር ስትመጥቅ ምስሏን የሚቀበለው ጣቢያ የተተከለው እዚያ ነው። ሳተላይቷ የተሠራችው ለእርሻና ለአካባቢ ጥበቃ ጥናት እንጂ ለማስተማር አይደለም፤ ስለዚህ ልጁ ባለመማሩ እርሷን መውቀስ ፍትሐዊ አይሆንም። ነገር ግን ጣቢያው ያስረዳን አንድ ነገር አለ። ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ካለ መሣሪያ ጋር መነጋገር የቻልን ሰዎች ከጣቢያው ግርጌ ላለው ልጅ ትምህርት ማድረስ ያቃተን ርቀቱ ከብዶን አይደለም። የሚከፍልለት ስለ ጠፋ ነው።

ከዋጋው የከፋው ቁልፉ ነው። ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም አርቲስት ሃጫሉ ሁንዴሳ በተገደለ ማግስት ኢንተርኔት በመላ ሀገሪቱ ተቋርጦ ለሦስት ሳምንታት ያህል ቆየ። ትምህርት በቴሌግራም ነው በተባለበት ወቅት ቴሌግራሙ ጠፋ። ከጥቅምት 2013 ዓ.ም ጀምሮ ትግራይ ለሁለት ዓመት ገደማ፣ ከ2015 ዓ.ም መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ የአማራ ክልል ብዙ አካባቢዎች ለወራት የሞባይል ኢንተርኔት ተነፍገዋል። ከዚያ በፊትም የብሔራዊ ፈተና ኩረጃ ለመከላከል ተብሎ ኢንተርኔት የተዘጋባቸው ጊዜያት አሉ። ፈተናን ለማስከበር ትምህርትን ማቋረጥ! የፖስታ ደብዳቤ ይዘገያል፣ ሬዲዮ ይንጫጫል፤ በእጅ ያለ ወረቀት ግን በአንድ ቢሮ ትእዛዝ አይጠፋም። የጸጥታ ምክንያት የለም አልልም። መዝጊያውን የሚጫነው እጅ የተማሪውን ኪሳራ በየትኛው መዝገብ ላይ ያሰፍረዋል? የሚለው ጥያቄ ግን እስከ ዛሬ መልስ አላገኘም።

ምን ይደረግ?

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። አንደኛ፣ የሀገር ውስጥ የትምህርት ድረ ገጾችና መተግበሪያዎች ከዳታ ክፍያ ነፃ ይሁኑ። በኮሮና ጊዜ ደቡብ አፍሪካ ይህንኑ አድርጋለች፤ ዩኒቨርሲቲዎቿም ለተማሪዎች የዳታ ጥቅል አድለዋል። ከ2015 ዓ.ም ጀምሮ ሳፋሪኮም ገበያው ውስጥ ስለ ገባ ግዴታው ለሁለቱም ኩባንያዎች በፈቃድ ውላቸው ሊጻፍ ይችላል። ሁለተኛ፣ በፋይል የሚያስተምር ተቋም ከኅትመት ያተረፈውን ከክፍያው ላይ ይቀንስ፤ ወይም ለጠየቀ ተማሪ የታተመ ሞጁል ይስጥ። ሦስተኛ፣ ኢንተርኔት የሚዘጋው በሕግ በተወሰነ ምክንያትና ጊዜ፣ በፍርድ ቤት ቁጥጥር ሥር ብቻ ይሁን። አራተኛ፣ ሬዲዮን አንጣለው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም አምስት ሚሊዮን ኮደሮችን በኢንተርኔት የማሠልጠን ዕቅድ ይፋ ሆኗል፤ መልካም ነው፤ ነገር ግን ስልክ ለሌለው ልጅ ያለን መልስ ምን እንደ ሆነ ዕቅዱ አብሮ ሊነግረን ይገባል።

የቆሎ ተማሪውን ዋጋ መንደር ተካፍሎታል፤ የኮተቤን አዳሪ ዋጋ መንግሥት ሸፍኖታል፤ የሞጁሉን ዋጋ ተቋም ቀድሞ አውጥቶታል። የዛሬው የርቀት ተማሪ ግን ከሁሉም ይልቅ ዘመናዊ መሣሪያ ይዞ፣ ከሁሉም ይልቅ ብቻውን ይከፍላል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው ብሂል ለወጪም ይሠራል። ሸክሙን እንደገና መካፈል የቴክኖሎጂ ጥያቄ ሳይሆን የፖለቲካ ውሳኔ ነው፤ የፖለቲካ ውሳኔ ደግሞ ካልተጠየቀ አይመጣም።